በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ የበቀለው ዕፀ በለስ

መጋቢት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በወይራ መገንጠያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ግቢ፣ በውኃ ታንከሩና በመኪና ማቆሚያው መካከል ዕፀ በለስ በቅሎ ተገኘ። ሰኞ ማታ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ሣር ብቻ ነው። ዛፉ ግንዱ የአንድ ሰው እቅፍ የማይበቃው፣ ቁመቱ ከቢሮው ጣሪያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ፍሬውም የበሰለ ነበር።

መጀመሪያ ያየችው አፀደ ናት። አፀደ የግቢው አትክልተኛ ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ሲሆን ዐሥራ ዘጠኙን ዓመት እዚያው ሠርታለች። የውኃ ጎማዋን እንደያዘች ቆማ አየችው። ግንዱ ላይ በሽቦ የታሰረች ትንሽ ሰሌዳ አለች። ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ክፉና ደጉን የሚያስታውቀው ዛፍ ይህ ነው። ከእርሱ አትብሉ» ይላል። ቀን የለውም፤ ቁጥር የለውም፤ ማኅተም የለውም።

አፀደ አንብባ ስትጨርስ ሥሩን ውኃ አጠጣችው። በዚያ ግቢ የበቀለውን ሁሉ ስታጠጣ ኖራለች፤ ይኼኛውን የምትዘልበት ምክንያት አልታያትም።

ኃላፊው አቶ ዘርጋው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ላይ የዛፉ ጥላ አርፎ ነበር፤ በዚህ ቅር አላላቸውም። ሰሌዳውን ግን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይኼን ማን አስተከለው?» አሉ።

«እንጃ። ጠዋት ስመጣ ነበር።»

«ተጠይቆ ተፈቅዶ ነው?»

«አልሰማሁም።»

«ማስታወቂያውንስ ማን ሰቀለው?»

«አብሮት የበቀለ ይመስለኛል» አለች አፀደ።

በዚያው ቀን ለሦስት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ተጻፈ። የግብርናው ክፍል ዝርያው በመዝገቡ ስለሌለ ዛፉ እንደሌለ እንደሚቆጠር አሳወቀ። የቱሪዝሙ ክፍል ዛፉ ወደ አስፋልቱ ዳር ሊዛወር ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የአካባቢ ጥበቃው ክፍል ከሁሉ ፈጥኖ መለሰ፤ ዛፉን በዓመቱ የችግኝ ተከላ ሪፖርት ውስጥ አስገብቶት ነበር። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሰው እየተሳሳቀ «ለማዘጋጃ ቤት በለስ ቀናው» ይል ጀመር።

የሕግ ባለሙያው ምናሴ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስር ሰው ነው። የእሱ አስተያየት አጭር ነበር። «ማኅተም የሌለው ክልከላ አያስገድድም» አለ።

«በልተን ስናበቃ ማኅተሙ ቢመጣስ?» አሉ አቶ ዘርጋው።

 ስለዚህ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ይጠራ ተባለና፣ ከደብሩ መሪጌታ ጥበቡ መጡ። መሪጌታ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሣሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሰሌዳውን አነበቡ። አፀደ በርጩማ አመጣችላቸው።

«ትርጉሙ ከባድ አይደለም» አሉ ሲቀመጡ። «አዳም የሚታየውን ሁሉ እንዲገዛ ተሰጠው። ሁሉን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከበላዩ ሌላ ያለ አይመስለውም። ስለዚህ አንዲት ዛፍ ሳትሰጠው ቀረች። በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ‘ለካ እኔም ጌታ አለኝ’ ብሎ እንዲያስብ ነው።»

አቶ ዘርጋው የማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። «እንግዲያው ጉዳዩ የፍሬው አይደለም ማለት ነው?»

«ፍሬማ ሌላም ሞልቶ ነበር።»

«ጉዳዩ የክልከላው ነው።»

«ክልከላው ምልክት ነው።»

«የገዥነት ምልክት» አሉ አቶ ዘርጋው እየጻፉ።

«የተገዥነት ነው እንጂ» አሉ መሪጌታ። «ምልክቱ የተተከለው ለአዳም ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ አዳም ማለት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ዘርጋው ይኼኛውን አልጻፉትም። አመስግነው እስከ በሩ ሸኟቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ መናኸሪያው ካሉት አምስት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ «እዚህ አትቀመጡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በገበያው ካሉት አራት የውኃ ቧንቧዎች በአንደኛው ላይ «ከዚህ አትቅዱ» ተባለ። ወንበሩ ደህና ወንበር ነው፤ ቧንቧውም ደህና ቧንቧ ነው። በማስታወቂያዎቹ ላይ ምክንያት አልተጻፈም። ምክንያት ከተጻፈ ሰው የሚታዘዘው ለምክንያቱ ነው ሲሉ አቶ ዘርጋው አስረዱ። እያንዳንዱ ቀበሌም በወሰኑ ውስጥ አንድ የሚከለከል ነገር እንዲያዘጋጅ መመሪያ ወረደለት። ከወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ፣ ሕዝቡ ምንም ነገር ስለሌለው የሚከለከል ነገር ባለመገኘቱ ድጋፍ እንዲደረግለት በደብዳቤ ጠየቀ። ከመሀል ከተማ አንድ የቆየ አግዳሚ ወንበር ተጭኖ ሄደለት፤ እዚያ ሲደርስ ተከለከለ።

ሰው በመጀመሪያው ቀን ለምን ብሎ ጠየቀ። በሁለተኛው ቀን በሦስቱ ቧንቧዎች ተሰለፈ። በሳምንቱ ከአራተኛው ቧንቧ ሊቀዳ የሞከረ አንድ መንገደኛ በፖሊስ አልተያዘም፤ የያዙት ተሰላፊዎቹ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ የተጋቡ ሙሽሮች ከተከለከለው ወንበር ፊት ለፊት ቆመው ፎቶ ይነሡ ጀመር። አቶ ዘርጋው ከቢሯቸው መስኮት ዕፀ በለሱን እያዩ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ታይቶ አይታወቅም አሉ።

ፍሬውን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆይቶ ነበር። በሚያዝያ ሁለተኛው ሳምንት የሠራተኞች ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ምናሴ ሐሳብ አቀረበ። ፍሬው ክፉና ደጉን የሚያስታውቅ ከሆነ፣ ይህ ዕውቀት ለሚጎድለው ሠራተኛ በአቅም ግንባታ መልክ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ደግሞ መብላት ሳይሆን ሥልጠና ነው።

«ጥሩ» አሉ አቶ ዘርጋው። «ክፉና ደጉን ለይቶ የማያውቅ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።»

አርባ አንድ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ምናሴ ቃለ ጉባኤው ላይ «የለም» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣ። በዚህ ጊዜ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ እጅ ወጣ። የአፀደ ነበር።

«ወይዘሮ አፀደ፣ ጥያቄው ገብቶሻል?» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ገብቶኛል።»

«እና አታውቂም?»

«አንድ ነገር አለ። የእሱን አላውቅም።»

ምን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትም አትናገርም ነበር። ነገሩ የእናቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ውድነሽ የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ታመው ሲተኙ፣ «ከቤቴ እንዳታወጪኝ» ብለው አዘዋት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ደርበው ቆሞ ሰምቷል። አፀደ ሦስት ሳምንት ትእዛዙን ጠበቀች። በአራተኛው ሳምንት እናቷ ትንፋሽ ሲያጥራቸው መኪና ለምና፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ወዳለው ሆስፒታል ይዛቸው ወጣች። እናቷ መንገድ ላይ ሞቱ። ደርበው ከቀብር መልስ «አታውጪኝ ስትልሽ አውጥተሽ ገደልሻት» አላት፤ ከዚያ ወዲያ አላናገራትም። አንድ ሐኪም ቤታቸው ቢሆኑም ይሞቱ ነበር ብሏታል። ሌላ ሐኪም ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ቢመጡ ይድኑ ነበር ብሏታል። በሁለቱ መልሶች መካከል ዐሥራ አንድ ዓመት ቆማ ቀርታለች።

ስብሰባው ፍሬው ለጊዜው ባለበት እንዲቆይና ለወይዘሮ አፀደ ክፉና ደግን በመለየት ዙሪያ የሦስት ቀን ሥልጠና እንዲሰጣት ወሰነ። አሠልጣኙ ከዞን መጣ። አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ከፊት ወንበር ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ገለበጠች። በመጨረሻው ቀን ሃያ ጥያቄ ተፈተነች፤ ዐሥራ ሰባቱን አገኘች። ክፉና ደግን ለይታ ማወቋ የተረጋገጠ መሆኑን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ይኼኛው ማኅተም ነበረው። ቤቷ ገብታ ያንኑ ጥያቄ ራሷን ጠየቀች። እንደ በፊቱ አላወቀችም። ወረቀቱን ፍራሹ ሥር ከተተችው።

ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መካከል ዕውቀቱ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠለት ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ዛፉን የመጠበቅ ሥራ ተደርቦ ተሰጣት።

ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ በየተራ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ምናሴ ነው። በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ጭር ሲል መጣ።

«እትዬ አፀደ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» አላት።

«አትብሉ ይላል እኮ።»

«ማኅተም የለውም።»

«እኔ የማነበው ጽሑፉን ነው» አለች አፀደ።

ምናሴ እጁን ሰዶ አንዱን ቀጠፈና በላ። ቆሞ አላመጠ፤ ዋጠ። አፀደ ፊቱን ስታይ ቆየች።

«ምን ታወቀህ?» አለችው። የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ምናሴ መጀመሪያ ጫማውን አየ፤ ቀጥሎ እጆቹን አየ። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ቆለፈ። «ምንም» አለ። ጀርባውን ሊያሳያት አልፈለገም፤ እስከ ቢሮው ደረጃ ድረስ ወደ ኋላ እየተራመደ ሄደ።

ከምናሴ ቀጥሎ የገቢዎች ክፍል፣ ከዚያ የግንባታ ፈቃድ ክፍል፣ ከዚያ የሰው ኃይል አስተዳደር መጣ። አቶ ዘርጋው ራሳቸው አልመጡም፤ ምናሴ በሰሃን አድርጎ፣ በናፕኪን ሸፍኖ ወሰደላቸው። አፀደ ለእያንዳንዱ «አትብሉ ይላል» አለች። እያንዳንዱም ለማየት ብቻ እንደመጣ ነገራት።

በግንቦት መጀመሪያ፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ካፖርት ለብሰው ይገቡ ነበር። ካፖርት ያልነበረው ጋቢ ለበሰ። ከካፖርቱ ሥር ቅጠል ሰፍተው እንደታጠቁ አፀደ ታውቃለች፤ የአጥሩ ዳር ቅጠል ከቀን ወደ ቀን ሲሳሳ የምታየው እሷ ናት። እርስ በርስ መተያየት ተዉ። ስብሰባ ሲቀመጡ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ የቆዩ ውሳኔዎች ስላሉ ማንም እዚያ መግባት አልፈለገም፤ በሩ ላይ ካቢኔት ተገፍቶ ቆመ። የበሉት ሁሉ ክፉና ደጉን እንዳወቁ ግልጽ ነበር። ያወቁትን ግን ማንም ለማንም አልነገረም፤ የተለወጠ ውሳኔም አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። አፀደ ጽጌረዳውን እያጠጣች ነበር። አንድ ሰው በአትክልቱ መካከል የሚመላለስ ዓይነት ኮቴ ተሰማ። ሰው አይታይም፤ ሣሩ ግን እየተረገጠ ይተኛል፣ ቀጥሎ ይነሣል። ከኮቴው ጋር ከፍ ያላለ ድምፅ «የት ናችሁ?» አለ።

ሠራተኞቹ ከቢሮ ወጥተው ሮጡ። የግንባታ ፈቃዱ ኃላፊ ከዘንባባው ኋላ፣ የሰው ኃይል አስተዳደሯ ከግራቪሊያው ኋላ ተደበቁ። አቶ ዘርጋው ከአቮካዶው ኋላ ቆመው ቦርሳቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ምናሴ ቦታ አጥቶ ጥቂት ከተሽከረከረ በኋላ ከአቶ ዘርጋው ኋላ ተደበቀ።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለች አፀደ። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ኮቴው አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ከጎማው የሚወርደው ውኃ እግሯ ሥር ተጠራቀመ። ከዚያ ኮቴው አልፏት ሄደ።

በማግስቱ አቶ ዘርጋው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ሪፖርት ጻፉ። ፍሬውን የሰጣቸው ምናሴ መሆኑን ገለጹ። ምናሴ በበኩሉ ፍሬው የተገኘው ከወይዘሮ አፀደ ጥበቃ ሥር እንደሆነ፣ ይህችንም ሴት ጥበቃ አድርጎ የመደባት አካል ሊጠየቅ እንደሚገባ ጻፈ። የመደባት አካል አቶ ዘርጋው ስለሆኑ ይኼኛው ዓረፍተ ነገር ተሠረዘ፤ አፀደ ቀረች።

አቶ ዘርጋው ቢሮ ጠሯት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የተቀመጡት።

«አንቺ አልበላሽም አይደል?» አሏት።

«አልበላሁም።»

«ችግሩ እሱ ነው።»

«አትብሉ ስለሚል እኮ ነው።»

«ይገባኛል። ግን ሁላችንም በበላንበት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ያልበላ ሰው ሲኖር፣ ሠራተኛው ሥራውን ረጋ ብሎ መሥራት አይችልም። አንቺን ባየሁ ቁጥር ካፖርቴን እቆልፋለሁ። አሁንም እየቆለፍኩ ነው።»

ደብዳቤውን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ አቀበሏት። ከዛሬ ጀምሮ ከአትክልት ቦታው መሰናበቷን ይገልጻል።

አፀደ መኮትኮቻዋንና መቀሷን ልትወስድ ወረደች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠጣችውን ሁሉ አንድ በአንድ ማየት አልቻለችም። ባልዲዋን ከዛፉ ሥር ስታነሣ፣ ከላይ አንድ ፍሬ ለቆ ባልዲው ውስጥ ወደቀ። ወደ ላይ አየች። ሰሌዳውን እንደገና አነበበች። አትብሉ ይላል እንጂ አትያዙ አይልም። ባልዲውን አንጠልጥላ ከግቢው ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ወንድሟ ነው። ደርበው አናጢ ነው፤ ቤቱም ሥራ ቦታውም ከወፍጮ ቤቱ ኋላ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ስትገባ የአልጋ እግር እየላገ ነበር። ቀና ብሎ አያትና መላጉን ቀጠለ። አፀደ ፍሬውን ከባልዲው አውጥታ ከሚሠራበት ጣውላ ዳር አስቀመጠችው። መላጊያው ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

«የማዘጋጃ ቤቱ በለስ ነው።»

«ምን ልታደርጊው አመጣሽው?»

«አንተ እንድትበላው ነው፣ ወንድም ጋሼ። እማዬን ከቤቷ ያወጣኋት ክፉ ሠርቼ ይሁን ደግ ሠርቼ፣ እኔ አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም። አንተ ያወቅህ ትመስላለህ። እንግዲያው ብላና አረጋግጥ። የሚልህን ንገረኝ።»

ደርበው እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ለምን ራስሽ አትበዪውም?»

«አትብሉ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ አታውጪኝ የተባልኩትን አውጥቻለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

«እኔ ብበላው ግን ግድ የለሽም።»

«አንተ እኮ ፈርደህ ጨርሰሃል። ፈራጅ ደግሞ አውቆ ይፍረድ።»

ደርበው ፍሬውን አነሣ። አገላብጦ አየው፤ አሸተተው። ወደ አፉ አስጠጋው። አፀደ የሽርጧን ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። በአጥሩ በኩል የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። ደርበው ፍሬውን ከአፉ ስንዝር ያህል አርቆ ይዞ ብዙ ቆየ።

«ደግ ሠርተሽ ቢሆንስ?» አለ በመጨረሻ።

«እ?»

«ብበላውና ደግ ነበር የሠራችው ቢለኝስ? ያን ጊዜ ይኼን ዐሥራ አንድ ዓመት ምን አደርገዋለሁ?»

አፀደ ነገሩን በዚህ በኩል አስባው አታውቅም ነበር። 

«ክፉ ነው ቢለኝም» አለ ደርበው፣ «ያው እህቴ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ፍሬውን ጣውላው ላይ መልሶ አስቀመጠና በፍቅፋቂ ሸፈነው። ከዚያ አንድ በርጩማ ጎትቶ ብናኙን በእጁ አራገፈለት። «ተቀመጪ» አላት።

ተቀመጠች። ደርበው መላጊያውን አነሣ፤ መልሶ አኖረው።

«መኪናው ውስጥ ምን አለች?» አላት።

ይኼን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «መጀመሪያ ተቆጣች» አለች አፀደ። «እስከ ድልድዩ ድረስ ፊቷን አዙራብኝ ነበር። ከድልድዩ ወዲያ መስኮቱን ክፈችልኝ አለችኝ። ቆላውን ታየዋለህ አይደል፣ እዚያ ጠመዝማዛው ላይ ስትሆን? እሱን አየች። ከዚህ ከተማ ወጥታ አታውቅም እኮ። ‘ይኼ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?’ አለች።»

«እንደዚያ አለች?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም ብላ ታይ ነበር። መቼ እንደሞተች አላወቅሁም፤ ዓይኗ ክፍት ነበር።»

ደርበው አንገቱን ደፍቶ ቆየ።  አፀደ ተነሥታ ከሸሚዙ ላይ ፍቅፋቂውን አራገፈችለት፤ ሌላ የምታደርገው አልመጣላትም። ማታ ቤቱ እራት በላች። በማግስቱ ጠዋት ከፍቅፋቂው ሥር ፍሬው አልነበረም። ማን እንዳነሣው አልተጠያየቁም።

ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ሥራ ሊገቡ ሲመጡ በሩ ላይ አንድ የማይታወቅ ጥበቃ ቆሞ አገኙ። ቁመቱ ከበሩ ምሰሶ ይበልጣል። በእጁ የነበልባል ሰይፍ ይዟል፤ ሰይፉ ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል። አቶ ዘርጋው ከየትኛው ኤጀንሲ እንደተላከ ጠየቁት። አልመለሰላቸውም። መታወቂያ እንዲያሳይ ጠየቁት። ሰይፉ በእሳቸው በኩል አንድ ጊዜ ዞረ፤ የካፖርታቸው ቁልፎች ቀለጡ። አቶ ዘርጋው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንደሚያቀርቡ ተናግረው ተመለሱ።

ማዘጋጃ ቤቱ ከእህል በረንዳው ኋላ ወዳለ የኪራይ ቤት ተዛወረ። ሥራ አልተስተጓጎለም። በገቡበት ዕለት ከአዲሱ ግቢ ውስጥ አንድ በር ተመርጦ እንዳይከፈት ተከለከለ። አፀደ ወደዚያ አልተጠራችም፤ ጠዋት ጠዋት በወንድሟ ግቢ ጎመን ትተክል ጀመር።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ አፀደና ደርበው ዘር ሊገዙ ሲሄዱ በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት በኩል አለፉ። ከእህል በረንዳው በኩል የአቶ ዘርጋው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር፤ ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበው የመጪውን ዓመት ዕቅድ ያቀርባሉ። ጥበቃው ከበሩ አልተነቃነቀም። ወንድምና እህት በአጥሩ ሽቦ አሾልከው ወደ ግቢው አዩ።

ሣሩ አድጎ እስከ ጉልበት ደርሷል። ከእያንዳንዱ ዛፍ ኋላ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግንዱ አድርጎ ቆሟል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ ደርበው።

«የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው።»

«እዚያ ስብሰባ ላይ አይደሉም?»

«ናቸው» አለች አፀደ።

ካፖርት አልለበሱም። በላያቸው ያለው የሰፉት ቅጠል ብቻ ነው። አፀደ ቅጠሉን ከሩቅ በአትክልተኛ ዓይን አየችው። ከተቀጠፈ ወር አልፎታል፤ ግን አልጠወለገም። ስፌቱ ያለፈበት ቦታ ሁሉ አንጓ ቋጥሮ፣ ከምናሴ ጀርባና ከአቶ ዘርጋው ትከሻ ላይ አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል። ነፋስ መጣ። ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ግንዱን አጥብቀው አቀፉ፤ ቅጠላቸውም በላያቸው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ፀሐይ ዞረ።